በምሥራቁ መንገድ ስለሚሄዱ ልጆች፦ ከሎጊያ እስከ ሰዓዳ ምን ይገጥማል? ቤተሰብስ ምን ማድረግ ይችላል?

ወሎዬ_ዋቢ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ክር የከፈትኩት ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ልቡ ለተነሣ ልጅ፣ እና ልጁ «ጓደኛዬ ጋ ልደር» ብሎ ወጥቶ ስልኩ ለተዘጋበት ቤተሰብ። ምክርና ተግሣጽ ሁሉም ቤት ሞልቷል። የጎደለው ዝርዝር መረጃ ነው። ስለዚህ እባካችሁ የምታውቁትን ብቻ፣ በቁጥርና በምክንያት ጻፉ። የራስን ታሪክ ለሌላ ክር እናቆየው።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው፦ ከወሎ፣ ከራያ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከትግራይ የሚነሡት አብዛኞቹ በአፋር በሎጊያ በኩል ወይም በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ይገባሉ። ከዚያ በአሳል ሐይቅና በታጁራ አካባቢ አልፈው ኦቦክ ይደርሳሉ። ከኦቦክ ዳርቻ ባሕሩን ተሻግረው የመን ላህጅ ውስጥ ራስ አል-አራ አካባቢ ይወርዳሉ። ቀጥሎ ኤደን፣ ከዚያ በጦር ግንባሮች መካከል ወደ ሰሜን እስከ ሰዓዳ፣ በመጨረሻም የሳውዲዋ ጂዛን ድንበር። ሁለተኛው መስመር በሶማሊያ ቦሳሶ ወጥቶ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ሻብዋና አብያን ይወስዳል። የባሕር ጉዞው በዚህኛው እጅግ ይረዝማል።

ደላላ ይህን ሁሉ «ትንሽ እግር፣ ትንሽ ባሕር፣ ከዚያ መኪና» ብሎ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች የመን መድረሳቸውን፣ በዚሁ መስመር 558 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። በረሃ ላይ ወድቆ የቀረውን ግን መዝጋቢ የለውም።

ነርስ_ኮከብ

ከውኃው ልጀምር፣ ባሕሩ ጋ ሳይደረስ ብዙ ሰው የሚያልቀው እዚህ ነው።

ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የሚራመድ ሰው በላብ ብቻ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ያጣል። 8 ሰዓት ቢሄድ 8 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ደግሞ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ለሁለት ቀን የሚበቃውን ልሸከም ቢል ከ15 ኪሎ በላይ ይሆናል፣ ሸክሙ ራሱ ላቡን ይጨምረዋል። ልጆቹ የሚይዙት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ወይም ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው። ስለዚህ ውኃው ያለቀበት ልጅ «አልቆጠበም» አይባልም፤ መጀመሪያውኑም አይበቃም ነበር።

የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ ሙቀቱ ጎድጓዳው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ውኃው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨውማል። ከሩቅ ሲያዩት ያጓጓል፣ ግን አይጠጣም።

የአደጋው ምልክት በቅደም ተከተል ይመጣል። መጀመሪያ አፍ ይደርቃል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ራስ ይመታል። ቀጥሎ እግር ይተሳሰራል፣ ሰውየው የማይገናኝ ነገር ማውራት ይጀምራል። ከዚያ «እንቅልፍ መጣብኝ፣ ትንሽ ልረፍ» ይላል። ይህን ቃል ስትሰሙ ድካም ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። አንጎሉ እየጋለ ነው። መሪው አይጠብቅም፣ ግራር ሥር የተቀመጠው እዚያው ይቀራል። ጓደኛ ማድረግ ያለበት፦ ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን በርጥብ ጨርቅ መሸፈንና ማራገብ። ራሱን ካወቀ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሁለተኛው ገዳይ ተቅማጥ ነው። ከየጉድጓዱ የሚጠጣው ውኃ ያመጣዋል፤ ቀድሞ በድርቀት የተጎዳን ሰው በሰዓታት ውስጥ ይጥለዋል። ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከዚህ ከበዛ ይጎዳል።

ሰሚራ_ልጅ

እህቴ ነርስ_ኮከብ፣ ጀልባ ላይ ውኃ ሲያልቅ የባሕሩን ትንሽ ትንሽ ቢጠጡ ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ነርስ_ኮከብ

ፈጽሞ። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። ኩላሊት ያን ጨው አጥቦ ለማውጣት ከተጠጣው የሚበልጥ ውኃ ከሰውነት ይወስዳል። ጥሙ ይብሳል፣ ማስመለስና ቅዠት ይከተላል። ከቦሳሶ መስመር ጀልባ ላይ «አበደ» ተብሎ ራሱን ወደ ባሕር የሚወረውር ሰው አንዳንዴ ያበደው በዚህ ነው።

የባሕር_ሰው

ስለ ጀልባው እኔ ልበል።

ባብ ኤል-መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ሰውን ያታልላል፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚነሡት ከጠባቡ ቦታ አይደለም፤ ነፋስና ማዕበል ደግሞ በጠባብ ባሕር ላይ ይጠነክራል።

ጀልባዋ ለጥቂት ዓሣ አጥማጆችና ለመረባቸው የተሠራች ናት። 150 ሰው ሲጫንባት፣ አንዱን በ55 ኪሎ ብታሰሉት እንኳ፣ ከ8 ቶን በላይ ይሆናል። ጠርዟ ከውኃው በላይ የሚቀረው ስንዝር ያህል ነው። ሰው ተደራርቦ ስለሚቀመጥና ስለሚቆም ክብደቱ ከላይ ይሆናል። ማዕበል ከጎን ሲመታ ሁሉም በድንጋጤ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፣ ይህ ደግሞ ይገለብጣታል። ውስጧ ውኃ ከገባ ይብሳል፦ ውኃው በዘነበለችበት በኩል ይንከባለልና መልሶ እንዳትቃና ይይዛታል። ሞተሩ አንድ ነው። ከቆመ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበል ትሰጣለች።

የፈሰሰ ቤንዚን ከባሕር ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ከሥር የተቀመጡት፣ ብዙ ጊዜ ሴቶችና ትንንሾቹ፣ ሰዓታት ሙሉ ተነክረውበት ቆዳቸው ተልጦ ይወርዳሉ። እሳት የነካው ይመስላል። ልብሱን ወዲያው ማውለቅና በብዙ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ማጠብ ነው መፍትሔው፣ ቅባት አይቀባም።

ከመገልበጡ ሌላ የሚገድለው ደግሞ በግድ ማውረድ ነው። አሻጋሪው የጠረፍ ጠባቂ ይይዘኛል ብሎ ስለሚፈራ ወይም ጭነት ለማቅለል ሰዉን ከዳርቻው ርቆ «ውረዱ፣ እስከ ደረት ነው» ይላል። እስከ ደረት አይደለም። መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ወደ የመን 200 ያህል ሰው ጭኖ ከተነሣ ጀልባ ላይ 80 ያህሉ ተገፍትረው ተጥለዋል፣ 20 ሞተዋል። ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ሻብዋ አጠገብም በሁለት ተከታታይ ቀናት ይኸው ተደርጓል።

ደጋ ያደገ ልጅ ዋና አያውቅም። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው በጀርባው ተንጋልሎ አፍንጫውን ወደ ላይ ማድረግ አለበት እንጂ እጁን እያወራጨ መጮኽ የለበትም። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ ደረት ላይ ከታቀፈ ራስን ከውኃ በላይ ለመያዝ ይበቃል። ይህን የጻፍኩት ጉዞው ይቻላል ለማለት አይደለም። ጀሪካኑ ማዕበሉን አያቆምም፣ ዳርቻውንም አያቀርብም።

ከሚሴ_04

ብዙዎቻችሁ የማታስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ ባሕሩ በመመለሻም ይገድላል። በሚያዝያ 2021 ጅቡቲ አጠገብ የሰጠመው፣ በሚያዝያ 2024 የሰጠሙት፣ ጥቅምት 1 ቀን 2024 ኮር አንጋር አጠገብ ቢያንስ 45 ሰው የሞተባቸው ሁለት ጀልባዎች (310 ሰው ይዘው ነበር)፣ እነዚህ ሁሉ ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ ነው፤ ቀኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። የመን ውስጥ የተሰቃየና ተስፋ የቆረጠ ልጅ በዚያው ዓይነት ጀልባ ይመለሳል።

የባሕር_ሰው

ልክ ነህ ወንድሜ። በሄዱበት በኩል ደግሞ ሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ከቦሳሶ 260 ሰው ይዞ የተነሣው ሻብዋ አጠገብ ሰጥሞ 49 አስከሬን ተገኘ፣ 140 ሰው ጠፋ። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. አብያን ላይ ከ90 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው።

ወሎዬ_ዋቢ

ስለ ሆሹ፣ አፋኞች ልጆቹን ይዘው ገንዘብ ስለሚያስጠይቁበት ግቢ፣ የሚያውቅ ይጻፍ። ቤተሰብ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ስልክ_ጠባቂ

«መጀመሪያ ምንም አትከፍልም፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚለው ቃል የሆሹ በር ነው። ደላላው በነፍስ ወከፍ ኮሚሽን ወስዶ ልጁን ለሚቀጥለው ያሳልፋል፣ የመጨረሻው ገዢ ደግሞ የከፈለውን ከነትርፉ ከቤተሰብ ይሰበስባል። የመን ዳርቻ ላይ መኪና ይዘው የሚጠብቁትን አፋኞች የእኛ ልጆች «አብዱልቀዊ» ይሏቸዋል። ግቢው፣ ማለትም ሆሹ፣ በአጥር የተከበበ ነው። እዚያ እየተደበደበ ስልክ ይሰጠዋል፣ ቤተሰብ ጩኸቱን ይሰማል።

ስልኩ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚደረገው ይህ ነው።

የሚያነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ከእናት ሌላ። አምስት ሰው ካነሣ አምስቱም የተለያየ ቃል ይሰጣል፤ አፋኙም «አጎቱ አለው፣ በሬው አለ» እያለ ይቆጥራል። ያላችሁን ንብረት በስልክ አትዘርዝሩ።

ልጁ በእርግጥ እዚያ መሆኑን አረጋግጡ። ያልያዙትን ልጅ ስም ከፌስቡክ ወይም ከጓደኛው ሰምተው የሚደውሉ አጭበርባሪዎች አሉ። እሱና ቤቱ ብቻ የሚያውቁትን ጠይቁ፣ ለምሳሌ የላሟን ስም ወይም የልጅነት ጠባሳው እንዴት እንደመጣ።

የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በወረቀት ጻፉ። ስልኩ የሚቀዳ ከሆነ ቅዱ። ገንዘቡ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ አገር ቤት ባለ የባንክ አካውንት ነው፤ የአካውንቱ ባለቤት ስምና ቁጥር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ደረሰኝ አትጣሉ። በሐዋላ ከተላከም የተቀበለውን ሰው፣ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቡ።

አንድ ጊዜ መክፈል መፍታት አይደለም። የተከፈለበት ልጅ ለሌላ ሆሽ ሲሸጥ ሂሳቡ ከዜሮ ይጀምራል። መሬት አከራይቶ፣ በሬ ሸጦ፣ አራጣ ተበድሮ የከፈለ ቤት ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ ባዶ እጁን ነው። ክፈሉ ወይም አትክፈሉ የሚል አፍ የለኝም፣ ልጅ ነው። ግን ከመክፈላችሁ በፊት «ከከፈልን በኋላ ማን ያወጣዋል? የት ያደርሰዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ የወጣ ዘመድ ካለም በእሱ አጣሩ።

አንድ_አንባቢ

ስልክ ቁጥር በቃል ማጥናት ጥሩ ነው የሚሉም፣ አይ ለአፋኝ መሣሪያ መስጠት ነው የሚሉም አሉ። የትኛው ይሻላል?

ስልክ_ጠባቂ

የስልክ ቀፎው ይነጠቃል፣ ያ አይቀርም። ምንም ቁጥር የማያውቅ ልጅ ላይ ዱላው አይቀንስም፣ ይበረታል፤ «ደብቆ ነው» ይባላል። ቁጥር የሌለው ልጅ ሆስፒታል ወይም ስደተኛ ማዕከል ሲደርስም ቤተሰቡን የሚያገኝበት የለውም። በቃል መያዙ ይሻላል። ግን የእናት ቁጥር ባይሆን፣ ልቡ ጠንካራ የሆነ የአንድ ዘመድ ቁጥር ይሁን።

ነርስ_ኮከብ

ስለ ሴቶቹ ሳይነሣ እንዳይታለፍ። ጥቃቱ በመሪዎች፣ በአሻጋሪዎችና በአፋኞች እጅ በየደረጃው አለ፣ ወንዶች ልጆችም አያመልጡትም። ብዙ ልጃገረዶች ከመነሣታቸው በፊት የሦስት ወር መርፌ ይወጋሉ። ይህ ከእርግዝና ይከላከላል፣ ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም። ከጥቃት በኋላ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። ለጤና ባለሙያ «ተደፍሬያለሁ» ማለት ካልተቻለ «የ72 ሰዓቱን መድኃኒት እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ያልተወጋችውም የተወጋችውም ጥፋት የለባትም። ቤት ስትመለስ ይህን ከቤተሰቧ አፍ መስማት አለባት።

የሕግ_መዝገብ

ሕጉን በአጭሩ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ይመለከታል። ሁለቱ ይለያያሉ፦ ማሻገር ማለት ለጥቅም ሲባል ድንበር ማሳለፍ ሲሆን፣ መነገድ ማለት ለብዝበዛ ሲባል ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መያዝ ነው። በማሻገር የተጀመረው ሆሽ ሲገባ መነገድ ይሆናል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ «ወዶ ነው የሄደው» የሚለው መከላከያ አይሠራም፤ የልጅ ፈቃድ ለብዝበዛ ፈቃድ አይሆንም።

ሰፈር ውስጥ የመለመለው፣ ያጓጓዘው፣ ቤቱ ያሳደረው፣ አካውንቱን ያከራየው እያንዳንዱ ተጠያቂ ነው። ክሱ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ከደላላው ጋር በሽምግልና ስለሚጨርስና ምስክር ስለሚጠፋ ነው። ደላላው የአገር ልጅ፣ አንዳንዴም ዘመድ ስለሆነ ሽምግልናው ይከብዳል፣ እረዳለሁ። ግን ገንዘቡን መልሶ የሰጠ ደላላ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አሥር ልጅ ይዞ ይወጣል። ለፖሊስ ስትሄዱ ስልክ_ጠባቂ የዘረዘረውን ወረቀትና ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰሚራ_ልጅ

ጋሼ፣ ኦቦክ የደረሰ ልጅ ሐሳቡን ቢቀይር መመለሻ አለው?

ወሎዬ_ዋቢ

አለው፤ ሎጊያ ወይም ድሬዳዋ ላይ ቢመለስ ከሁሉም ይቀላል፣ ያለፈው የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ነው። ኦቦክ ላይ አይኦኤም የስደተኞች ማዕከል አለው። ውኃ፣ ምግብና ሕክምና ይሰጣል፤ በፈቃዱ መመለስ የሚፈልገውን መዝግቦ ይመልሳል። ክፍያ የለውም። «አስመዝግቤ እመልስሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» ያለ ሰው ደላላ ነው።

የመን ውስጥ ካለም በፈቃደኝነት የመመለሻ በረራ አለ። ግን ዜግነት ማረጋገጥና የጉዞ ሰነድ ከኤምባሲ ማግኘት አለበት፣ በረራውም በጦርነትና በገንዘብ እጥረት ይቋረጣል፤ ማሪብ ላይ ብዙዎች ወራት ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ እርምጃ ወደፊት መመለሻውን ያስረዝማል። ልጁ ከኦቦክ ከደወለ «ለምን ሄድክ» በማለት ደቂቃውን አትጨርሱበት። «ማዕከሉ የት እንዳለ ጠይቅ፣ ቤትህ ክፍት ነው፣ የተበደርከውን እኛ እናያለን» በሉት። አብዛኛው ልጅ የሚቀጥለው እዳውንና የሰፈሩን አፍ ፈርቶ ነው።

ከሚሴ_04

የመጨረሻው ድንበር ላይ ያለውን ልጨምር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ድረስ በሞርታርና በጥይት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ገልጿል። የሳውዲ መንግሥት አስተባብሏል። ሰዓዳ ያሉት የማቆያ ቦታዎችም መጠለያ አይደሉም፤ ሚያዝያ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአየር ድብደባ አንዱ ተመትቶ በርካታ አፍሪካውያን ስደተኞች ሞተዋል። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ሰንዓ ማቆያ ውስጥ በተነሣው እሳትም እንዲሁ።

የተሻገረውም ቢሆን ያለ ወረቀት ነው። ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበረው አፈሳ ብቻ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተመልሰዋል። እስር ቤት ሲገባ የሠራበት ደመወዝ ከአሠሪው ጋር ይቀራል፣ ስለዚህ «አንድ ዓመት ብሠራ እዳዬን እከፍላለሁ» የሚለው ስሌት አፈሳውን አያካትትም።

የሕግ_መዝገብ

ሕጋዊው መንገድስ ለሚል፦ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አለ። ዕድሜ 18 የሞላው፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው፣ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው የሚሄደው። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ የአሠሪው ወጪ ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የብቃት ምዘና ያሉትን ነው። ስለዚህ ለቪዛና ለትኬት ገንዘብ የጠየቀ ኤጀንሲ ሕግ እየጣሰ ነው።

ግን አንድ እውነት አልደብቅም። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሥራ በአብዛኛው ለሴቶች የቤት ሠራተኝነት ነው። ለገጠር ወንድ ልጅ በሩ ጠባብ ነው፤ ባሕሩን የሚመርጡት ከዚህም የተነሣ ነው። «በሕጋዊ ሂድ» እያልን ስንመክር ይህን ማወቅ አለብን።

አንድ_አንባቢ

ስልኩ ከተዘጋ ወራት ያለፈው ልጅስ? የት ይፈለጋል?

ስልክ_ጠባቂ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የጠፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። በነፃ ነው። በአቅራቢያችሁ ያለ ቅርንጫፍ ሂዱ። ስትሄዱ ይህን ይዛችሁ ሂዱ፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፤ በመንገድ ላይ የተጠቀመበት ሌላ ስም (ብዙዎች ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ይቀይራሉ፣ ፍለጋው የሚከሽፈው አንዱ በዚህ ነው)፤ የተወለደበት ቀበሌ፤ መጨረሻ የደወለበት ቀን፣ ቁጥርና ቦታ፤ አብረውት የወጡት ልጆች ስም፤ ቅርብ ጊዜ የተነሣው ፊቱ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ።

በሌላ ወረቀት ደግሞ ሰውነቱን ጻፉ። ቁመት፣ የተነቀለ ወይም የተሰበረ ጥርስ ከየትኛው በኩል፣ ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ የተሰበረ አጥንት፣ ሲወጣ የለበሰው ልብስና ጫማ፣ ክታብ ወይም ማተብ። ይህን መጻፍ ለእናት ሞትን እንደመቀበል ይከብዳታል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ይጻፈው። የኦቦክ ዳርቻ ላይ ያለ ስም የተቀበሩ አሉ፤ አስከሬኑን ያየ ሰው የሚያስታውሰው ጥርሱን ወይም ቀበቶውን ነው።

አብረው የወጡት ልጆች ቤተሰቦች እየተገናኙ መረጃውን በአንድ ላይ ቢያስገቡ ይጠቅማል። አንዱ ልጅ ሲገኝ የሌሎቹን የመጨረሻ ቦታ የሚያውቀው እሱ ነው። ስልክ ቁጥራችሁን ከቀየራችሁም ቅርንጫፉ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። አሮጌውን ሲምም አትጣሉት፣ ልጁ በቃሉ የያዘው ያንን ነው፤ እንዳይዘጋ በየጊዜው ካርድ ሙሉበት።